ለኔግሪል የሚሻለው ወር

ትሕትና የመንገደኛን ፊት አይታ ወዴት እንደሚሄድ መገመት ትወዳለች። ሜልቦርን ውስጥ፣ ሴንት አልባንስ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለች ጠባብ የጉዞ ወኪል ቢሮ ተቀምጣ ስንቱን ሸኝታለች፤ ለሰርግ የሚሄደውን ገና ከበር ሲገባ፣ ለልቅሶ የሚሄደውን ከአቀማመጡ ትለየዋለች። ጉዲና የገባ ዕለት ግን ግምቷ ከሸፈ።

«አዲስ አበባ ነው?» አለችው ገና ሳይቀመጥ።

«እኔን እንኳ ያስገባኝ ዝናቡ ነው» አለና የራሰ ጃኬቱን አወለቀ። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የባሕር ሥዕል እያየ ቆየ። «ከገባሁ አይቀር ግን ልጠይቅሽ። ኔግሪል ለመሄድ የሚሻለው ወቅት መቼ ነው?»

«ኔግሪል ደግሞ የት ነው?»

«ጃማይካ። ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት። አባቴ እዚያ ነው ያለው።»

ዝናቡ እስኪያባራ ታሪኩን ነገራት። አባቱ ከጃማይካ ሻሸመኔ ድረስ መጥቶ ከእናቱ ጋር ጎጆ ቀልሶ ነበር። ጉዲና ገና ፊደል ሳይጨርስ አባቱ «አገሬን አይቼ ልምጣ» ብሎ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። አሁን ሸምግሎ፣ የልጁን ስልክ አፈላልጎ መደወል ጀምሯል። ጉዲና ዳንደኖንግ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ የሚኖረውም እዚያው፣ አከራዩ ጋሼ ተስፋሚካኤል ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ነው።

«ባልፈራ ኖሮ ድሮ እሄድ ነበር» አላት።

ትሕትና ወንድ ልጅ እንዲህ በግልጽ «ፈራሁ» ሲል ሰምታ አታውቅም። ቀና ብላ አየችው። እሱም ዓይኑን አልሰበረም፤ መጀመሪያ ያቀረቀረችው እሷ ናት።

ኮምፒውተሯ ላይ ፈለገች። መልሱ ፍጥጥ ብሎ ተቀምጧል። ከሰኔ እስከ ኅዳር የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው፤ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ መስከረምና ጥቅምት። ጃንዋሪ ላይ፣ በእኛ ጥር ማለት ነው፣ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ባሕሩም ይረጋል። ይህን ማንበብ ምንም አይከብድም። የከበዳት ሌላ ነገር ነው፤ ከነገረችው ትኬቱን ቆርጦ መሄዱ ነው።

«ትንሽ ማጥናት አለብኝ» አለችው። «ተመልሰህ ና።»

ተመልሶ መጣ። ከዳንደኖንግ ሴንት አልባንስ መምጣት ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቋረጥ ነው፤ ዳንደኖንግ ደግሞ የጉዞ ወኪል አልጠፋም። ትሕትና ይህን ልብ ብላለች። ግን ማን ጅል አለና ያነሳዋል?

«ዲሴምበርስ?» ይላታል።

«ፈረንጁ ሁሉ ለገና እዚያ ነው። ትኬቱ እሳት ነው።»

«ማርች?»

«ዐቢይ ጾም ነው። ባሕር ዳር ተቀምጠህ የዓሣ ጥብስ እያሸተትክ ምን ልትሆን?»

«ሜይስ?»

«ዝናብ።»

«ጁንስ?»

«አውሎ ነፋስ።»

ጉዲና ሳቀ። «ታዲያ ሰው እዚህ ከተማ የሚገባው መቼ ነው?»

«እያጠናሁ ነው አልኩህ እኮ።»

ጃንዋሪን ሁለቱም አላነሱትም።

ሊወጣ ሲል ግን አንድ ነገር ተናገረ፤ ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። «ስትቆርጪልኝ መመለሻውን ኦፕን አድርጊልኝ፤ ቀን አይኑረው።» ትሕትና በሥራዋ ብዙ ኦፕን ትኬት ቆርጣለች። ከነዚያ ሰዎች መካከል ተመልሰው ያላየቻቸው አሉ።

እናቷ እትዬ አዜብ አንድ ቀን ምሳ ይዘውላት ቢመጡ ጉዲናን ቢሮ አገኙት። ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀላቸው፤ የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁት፤ እሱም ሳይደብቅ ነገራቸው። ሲወጣ በመስኮቱ እያዩት፣ «ጨዋ ነው» አሉ። «ግን አባቱ ጥሎት የሄደ ልጅ መሄድ አይከብደውም። ደም ይስባል፣ ልጄ።»

«ደንበኛዬ ነው፣ እማዬ።»

«እኔስ ምን አልኩ?»

ጥቅምት ሊገባ ሲል ጉዲና ሮጦ መጣ፤ የሥራ ልብሱን እንኳ አልቀየረም። አባቱ ወድቆ ወገቡን መመታቱን ጎረቤት ደውሎ ነግሮታል።

«ያገኘሽውን ቡክ አድርጊልኝ።»

«ጉዲና፣ አሁን ከሁሉም የከፋው ወቅት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ምን ታውቃለህ? አውሎ ነፋሱ ቤት ያነሳል እኮ።»

«እሱም ያለው እዚያው ቤት ውስጥ ነው» አላት ቀስ ብሎ።

ትኬቱን ቆረጠችለት። መመለሻው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። «ኦፕን ነው?» አለችው ሳታየው። «ኦፕን ይሁን» አለ። ልትጠይቀው የፈለገችውን ሁሉ ዋጠችው።

በሩ ላይ ደርሶ ዞረ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር፣ ትሕትና። ግን እንዲህ በር ላይ ቆሞ አይጠየቅም።»

ሄደ።

ደርሶ የአባቱን ፎቶ ላከላት፤ አንድ ሽበታም ሽማግሌ አልጋ ላይ ተደግፈው ይስቃሉ፤ አሳሳቃቸው የጉዲና ነው። ከሥሩ «ይኸው አገኘሁት» ይላል። በማግስቱ አውሎ ነፋሱ ወደ ደሴቲቱ እንደዞረ ዜናው ተናገረ። ከዚያ በኋላ የጉዲና ስልክ አልሠራም።

ትሕትና ፍርሃት ምን እንደሆነ የምታውቅ ይመስላት ነበር፤ አታውቅም ነበር። እየደወለች ትውላለች፤ የማይሠራ መሆኑን ያው የፈረንጅ ሴት ድምፅ ይነግራታል። በስልኳ ዜና ላይ የምታያቸው ቤቶች ጣሪያ የላቸውም፤ መንገዱ የቱ ባሕሩ የቱ እንደሆነ አይለይም። ደንበኛ መጥቶ ባሊ ይላታል፤ ፊጂ ትቆርጥለታለች። እህል አልዋጥ አላት። ትኬቱን የቆረጥኩት በገዛ እጄ ነው ትላለች፤ መልሳ ደግሞ ባልቆርጥለት ሌላው ይቆርጥለት ነበር ትላለች። ሁለቱም አያሳርፏትም።

«ለደንበኛ እንዲህ አይታመምም» አሉ እትዬ አዜብ። እሷም አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

ከስልኩ ይልቅ የምትፈራው በሩን ነው። የእኛ ሰው መርዶ በስልክ አይናገርም። ተሰባስቦ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ገና ሳይነጋ በር ያንኳኳል። አባቷ ያረፉ ጊዜ እዚሁ ቤት እንደዚያ ነው የተነገራቸው። ከዚያ ወዲህ ማለዳ በር ሲንኳኳ በመስኮት ሳታይ አትከፍትም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ።

ትሕትና መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየች። ጋሼ ተስፋሚካኤል ናቸው፣ የጉዲና አከራይ። ከጎናቸው ባለቤታቸው እትዬ ዓለምጸሐይና ወዳጃቸው ጋሼ ኃይለማርያም ቆመዋል። ሦስቱም ነጭ ለብሰዋል፣ አንዳቸውም አይስቁም። የእትዬ ዓለምጸሐይን ነጠላ ለማየት ሞከረች፤ ጥለቱ ወደ ላይ ከተዘቀዘቀ ሐዘን ነው። ግን የሜልቦርን ብርድ ሆኖ ካፖርት ደርበውበታል፤ ጥለቱ አይታይም።

እትዬ አዜብ በሩን ከፈቱ። «ደኅና አደራችሁ? ግቡ። ምነው በማለዳ? ተቀመጡ እንጂ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ጋሼ ተስፋሚካኤል፣ በአንድ እጃቸው ኮፍያቸውን ይዘው። «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም።»

«ነገሩ ከበድ ያለ ነውና፣ በትዕግሥት ስሙን» አሉ ጋሼ ኃይለማርያም፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው።

ትሕትና ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማችም። ግድግዳውን ተደግፋ ተንሸራተተችና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እንባዋ ሳይጠራ ይወርዳል። «ሳልነግረው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። «እንደምወደው ሳልነግረው።» ከዚያ ቀና ብላ፣ «መቼ ነው የሞተው?» አለቻቸው።

ሽማግሎቹ ተያዩ።

«ማን ነው የሞተው?» አሉ ጋሼ ተስፋሚካኤል ደንግጠው።

መጀመሪያ የገባቸው እትዬ ዓለምጸሐይ ናቸው። የባላቸውን ክንድ በቦርሳቸው መቱት። «አላልኩህም? በዚህ ሰዓት ሰው ቤት ለሽምግልና አይኬድም አላልኩህም?»

«ሺፍቴ ጠዋት ነው! ኃይለማርያም ደግሞ ከሌሊት ሺፍት ገና መውጣቱ ነው። ታዲያ መቼ እንገናኝ?» አሉና ወደ ትሕትና ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ ጉዲና ደኅና ነው። አባቱም ደኅና ናቸው። ጣሪያው ነው የሄደው። ስልኩን ውኃ ወሰደበት፤ ከሰው ተውሶ ነው ትላንት የደወለው። በቃሉ የያዘው ቁጥር የእኛ የቤት ስልክ ብቻ ነው፤ ጊዜውም አጭር ነበር።»

«ምን አለ?»

«ሳይሄድ አደራ ብሎን ነበር፤ ስመለስ ሽማግሌ ሁኑልኝ ብሎ። ትላንት ግን 'እስክመለስ አትጠብቁ፤ እዚህ ሆኜ የፈራሁት ሳልጠይቃት እንዳልቀር ነው' አለን። ይኸው መጣን። ዴይ ኦፍ ያለው ሦስተኛ ሽማግሌ ቢጠፋ፣ ሚስቴን አስከትዬ።»

ትሕትና ሳቅና ለቅሶ ተቀላቀለባት። እትዬ ዓለምጸሐይ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ካፖርታቸውን አወለቁ፤ ጥለቱ እንደ ክት ልብስ ደንብ ወደ ታች ነበር።

እትዬ አዜብ ገና ቆመዋል። «እኔም ፍርሃቴን ልናገር» አሉ። «አባቱ ጥሎት የሄደ ልጅ ነው። እሱም አንድ ቀን ልጄን ጥሏት ቢሄድስ?»

«እትዬ አዜብ» አሉ ጋሼ ተስፋሚካኤል፣ «ጥሎት የሄደ አባቱን በማዕበል ወቅት ፍለጋ የሄደ ልጅ፣ የወደዳትን ጥሎ የት ይሄዳል?»

እትዬ አዜብ ልጃቸውን አዩ፤ እንባዋን በእጅጌዋ ስትጠርግ አዩ። «በደንቡ 'መክረን እንመልስላችሁ፣ ሌላ ቀን ተመለሱ' ማለት ነበረብኝ» አሉ። «ልጅቱ ግን ወለል ላይ ቁጭ ብላ መልሱን ሰጥታችኋለች። ተቀመጡ። ሁለተኛ ግን በዚህ ሰዓት አትምጡብኝ።»

ጉዲና ቁጥሯን ከአከራዩ ወስዶ ለራሷ የደወለላት በነጋታው ነው። ድምፁ ይቆራረጣል። ከኋላው ቆርቆሮ የሚመታ መዶሻ ይሰማል።

«መመለሻህን ለምን ኦፕን አደረግከው?» አለችው።

«አባቴን በሕይወት ላግኘው ልቅበረው ስለማላውቅ። አንቺ ምን መስሎሽ ነበር?»

ያሰበችውን አልነገረችውም፤ እሱ ግን ገባው።

«አሁን ንገሪኝ» አላት። «ለኔግሪል የሚሻለው ወር የቱ ነው?»

«ጥር።»

«እሱንማ ያኔ ከቢሮሽ እንደወጣሁ ባቡሩ ላይ ስልኬን አይቼ አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ያመላልስህ ነበር?»

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈርቼ ነዋ፣ ጉዲና። ሄደህ እንዳትቀር ፈርቼ። አሁንም እፈራለሁ።»

«እኔም» አላት።

ኅዳር ሲጋመስ ተመለሰ። የገና ጾም ተፈታ፣ ጥምቀት ዋለ፤ ሰርጉም እንደ ወጉ በጥር ሆነ። ከሰርጉ በፊት ትሕትና ቢሮዋ ተቀምጣ አንድ ትኬት ቆርጣ ነበር፤ ለሁለት ሰው፣ ከሰርጉ ማግስት፣ ኔግሪል። የአባቱ ጣሪያ ገና አላለቀም፤ ሙሽሮቹ ቆርቆሮ ሊያቀብሉ ነው የሚሄዱት። መመለሻው ላይ ስትደርስ ጣቷ እንደ ልማዷ ቆመ።

«ኦፕን ላድርገው?» አለችው።

ጉዲና ከጎኗ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «አይ» አለ፣ «ቀኑን ጻፊው።»

ጻፈችው።