ራሱን ያስያዘ ካፒቴን

ካፒቴን ዘርአይ የሞተው በጠፈር መርከቡ ውስጥ፣ የአዛዥ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። መርከቡ አንድም ቀን ከመሬት ተነሥቶ አያውቅም። ቦሌ ሚካኤል፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ጀርባ በቆመ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ፣ ከኮምፔንሳቶ፣ ከአሮጌ የፍሪጅ በርና ከእንቁላል ትሪ የተሠራ የድራማ መድረክ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ግን «መርከበ ሰማይ» የተባለው ድራማ ሲጀምር የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ተሰብስቦ ከዚህ ሰውዬ ጋር ከኮከብ ኮከብ ይዞር ነበር። ከነዚያ ልጆች አንዷ ዛሬ ኢንስፔክተር ፈሂማ ተብላ፣ ጓንት አጥልቃ ከፊቱ ቆማለች።

ሟቹ ብርማ ዩኒፎርሙን ለብሷል። ባርኔጣው ጭኑ ላይ ነው። ከማጅራቱ የወረደው ደም ኮሌታው ላይ ደርቋል። ከወንበሩ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ፣ በብረቱ ደረጃ ጠርዝ ላይ ደግሞ ደምና ጥቂት ሽበት አለ።

ፈሂማ ከደረጃው እስከ ወንበሩ በዓይኗ ለካች። እዚህ ወድቆ ተፈንክቷል፤ እዚያ ደግሞ ሰው አንሥቶ አስቀምጦታል። ሐኪሙ የሞተበትን ሰዓት በደቂቃ መናገር አልቻለም። «ጧት ነው» አለና ጓንቱን አወለቀ።

«ኢንስፔክተር፣ ነፍስ ይማር» አላት ከኋላዋ ወፈር ያለ፣ ሽቶ የነከረው ሰው። ላጲሶ ነው፤ የማስታወቂያ ድርጅት ባለቤት። «አሁን ግን ሰዓቱ ይመዝገብልኝ። ሙግታችን ለአራት ሰዓት ነበር የተቀጠረው። ስምምነታችን ‹በቀጠሮው ቦታ ያልተገኘ ተረታ› ይላል።»

«ሰውየው ሞቷል እኮ!»

«ሞቶ ነው የቀረው። የቀረ ያው ቀረ ነው።»

ይህ ሰው ከሦስት ዓመት በፊት ለካፒቴን ዘርአይ ባለ ሁለት ገጽ ውል አቀረበለት። የመጀመሪያው ገጽ ስለ አንድ የሳሙና ማስታወቂያ ይናገራል። ሁለተኛው ገጽ የካፒቴኑን መልክና ድምፅ ለዘላለም ለላጲሶ ይሰጣል። ከዚያ ወዲህ ካፒቴን ያላለውን ሲል፣ ያልሳቀውን ሲስቅ በየስልኩ ታየ። በኮምፒውተር የተሠራው ካፒቴን ቁማር አስተዋወቀ፣ የራሰ በራ ቅባት አስተዋወቀ። ይህን ሥልጣኔ የሚሉት አሉ። ሌባ ኮምፒውተር ስለያዘ ስሙ አይለወጥም! እውነተኛው ካፒቴን ግን ለዳቦ ሲወጣ ልጆች «ካፒቴን፣ ቅባቱን አንተ አልሞከርከውም እንዴ?» እያሉ ይከተሉት ጀመር። ከቤት መውጣት ተወ።

በመጨረሻ በሽማግሌዎች ፊት ለመሟገት ተስማሙ። የጥንት ተሟጋች በበቅሎ፣ በማር ይወራረድ ነበር። ካፒቴን የሚያስይዘው ነገር ስላልነበረው ራሱን አስያዘ፤ «ከተረታሁ የልጅነት ፎቶዬ ሳይቀር ያንተ ይሁን፤ ከረታሁ ውሉ ይቀደድ» አለ። ላጲሶም ሙግቱን መድረኩ ላይ ሆኖ ለመቅረጽ ሲል እየሳቀ ፈረመ። የዳኞቹ ሰብሳቢ ጡረታ የወጡት ዳኛ አቶ ገብረኣብ ናቸው። አንዱ ወገን ለብቻው እንዳያባብላቸውም ላጲሶና የካፒቴን ጠበቃ አብረው ሄደው፣ ቁርስ አብልተው ሊያመጧቸው ተስማምተው ነበር። አራት ሰዓት ላይ ተያይዘው ሲገቡ ያገኙት ሬሳ ነው።

ፈሂማ መጀመሪያ የጠየቀችው ሜካፕ የምትሠራውን ሰልዋን ነው።

«ሦስት ሰዓት ከአሥር ሲል ፊቱን ልቀባው መጣሁ» አለች ሰልዋ፣ አፍንጫዋን በመሐረብ እየጠረገች። «በሩ ዝግ ነበር። ሙግቱን ሲለማመድ ሰማሁትና እንዳላቋርጠው ሳልገባ ቆምኩ።»

«ምን ይል ነበር?»

«‹ላጲሶ ሁለተኛውን ገጽ ደብቆ አስፈርሞኛል› ይላል። ድምፁ እንዴት ያምር እንደነበር! ልክ እንደ ድሮው። መሀል ላይ—»

አውሮፕላን መጣ። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ሰልዋ አፏን እንደከፈተች ቀረች፤ ፈሂማም እስክሪብቶዋን አንሥታ ጠበቀች። የቦሌ ሚካኤል ሰው ይህን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የሚለምደው። ለቅሶ ቤትም ሆነ ሠርግ ቤት፣ አውሮፕላን ሲያልፍ ዝም ይላል፤ ካለፈ በኋላ ካቆመበት ይቀጥላል።

«—መሀል ላይ እንዲሁ አውሮፕላን አለፈና ትንሽ አመለጠኝ። መጨረሻውን ግን ሰምቻለሁ፤ ‹ፍርድ ስጡኝ› አለ። ከዚያ ልብስ ሰፊው ጋ ሄጄ እስከ አራት ሰዓት እዚያ ነበርኩ።»

ጠበቃዋ ብሩክታይት የካፒቴን የእህት ልጅ ናት። ዓይኖቿ ቀልተዋል። «ከሰሚት በጧት መጥቼ ሰነዶቹን አስቀመጥኩለት። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደህና ሆኖ ነው የተለየሁት። ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል መድኃኔዓለም ቁርስ ቤት ደርሼ ከዳኞቹ ጋር ተቀመጥኩ። ላጲሶም እዚያው ነበር።» ከዚያ ወደ መድረኩ አየች። «ፋይሌንና ታብሌቴን መውሰድ እችላለሁ? ላጲሶ በዳኞቹ ትእዛዝ ያስረከበን የድምፅ ማሽን እዚያ ላይ ነው የተጫነው። የጻፉለትን ሁሉ በአጎቴ ድምፅ ያወራል። ለማስረጃ ነበር።»

«ሁሉም ባለበት ይቆያል» አለች ፈሂማ።

የቀረው የድምፅ ባለሙያው ኻሊድ ነው። ሽማግሌው ጧቱን ሙሉ ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ክፍሉ፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ ብቻውን ነበር። ለፈሂማ እንግዳ አይደለም። የወሎ ሰው ነው፤ ከአባቷ ጋር አንድ መስጊድ ይሰግድ ነበር። ልጅ ሳለች ቀረጻ እንድታይ ያስገባት፣ «አውሮፕላን ሲያልፍ አይወራም» ብሎ በጣቱ አፏን የከደናት እሱ ነው።

«ጋሽ ኻሊድ፣ ትናንት ከካፒቴን ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ተጣልተናል።»

«በምን?»

ኻሊድ ጉልበቱን አየ። «የድሮውን ካሴት ሁሉ ለላጲሶ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ‹ለማስታወሻ› አለኝ። ድምፁን የሠሩት ከዚያ ነው። ዘርአይ ትናንት ሰማ።»

«ዛሬስ?»

ዝም አለ። ፈሂማ ዝምታውን የጥፋተኛ ዝምታ አድርጋ አነበበችው። ካፒቴን በሦስት ሰዓት ከአሥር በሕይወት ነበር፤ ከዚያ በኋላ አብሮት የነበረ ሌላ ሰው የለም። ሂሳቡ ቀላል ነበር፤ ቀላል ስለሆነም ተቻኮለች። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሰው ለጁምዓ ሲተም፣ ሽማግሌውን በካቴና አስራ በፊት ለፊቱ በር አወጣችው።

«ፈሂማ፣ ከሰላት በኋላ አይሆንም?» አላት አንዱ ጎረቤት።

«ሕግ ሰዓት አይመርጥም!»

ኻሊድ አንገቱን ደፋ። ማንም ፊቱን እንዳያይ ጋቢውን ሳብ ሊያደርግ ሞከረ፤ እጁ ታስሯልና አልቻለም።

መኪናው ገና ከሰፈሩ አልወጣም። ኻሊድ ከኋላ ሆኖ ለራሱ የሚናገር ይመስል «ዘርአይ ለኔ ወንድም—» ብሎ አቆመ። በላያቸው አውሮፕላን እያለፈ ነበር። ሾፌሩ ስልኩን ከጆሮው አራቀ። ፈሂማ ጠበቀች። ጩኸቱ ራቀ።

«—ነበር» አለ ኻሊድ።

ፈሂማ ቀና አለች። *ትንሽ አመለጠኝ*፣ ብላለች ሰልዋ።

«መኪናውን አዙር» አለች። ወዲያው ወደ ኋላ ዞራ ካቴናውን ፈታች። ያሰረችው በሕዝብ ፊት ነው፤ የፈታችው መስኮቱ በጠቆረ መኪና ውስጥ ነው። ይህንንም ራሷ አወቀችው።

መድረኩ ላይ እንደደረሰች ታብሌቱን ፈለገች። ከሐሰተኞቹ አምፖሎችና ከተሳሉት መለኪያዎች መካከል ተደግፎ፣ ከነሱ እንደ አንዱ መስሎ ቆሟል። ከዚያ ሰልዋን ጠራች። «ካፒቴን የሚናገረውን በቃሉ ያጠና ነበር?»

«ድሮስ! አሁን ግን ይረሳል። በትልልቁ ጽፎ ባርኔጣው ገበር ውስጥ ይደብቃል።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም መድረኩ ላይ ተሰበሰቡ። አስከሬኑ ተነሥቷል፤ የአዛዡ ወንበር ባዶ ነው። ሰው ሁሉ ወንበሩን እያየ በዳር በዳሩ ቆመ።

«ሰልዋ» አለች ፈሂማ፣ «ጧት ‹ትንሽ አመለጠኝ› አልሽኝ። ለምን አመለጠሽ?»

«አውሮፕላኑ ሸፈነዋ።»

«ካፒቴን እዚህ ቤት ስንት ዓመት ሠራ? አውሮፕላን እያለፈ አንዲት ቃል ተናግሮ ያውቃል?»

ሰልዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ኧረ በጭራሽ! ይጠብቅ ነበር።»

«ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ያወራው ግን አልጠበቀም። አውሮፕላን የማይሰማ ነገር ነው ያወራው። ጆሮ የለውም። ካፒቴን በዚያ ሰዓት ሞቶ ነበር።»

ሁሉም ወደ ላጲሶ ዞሩ። ላጲሶ ሳቀ። «ማሽኑ የኔ ነው። ታብሌቱ ግን የማን ነው?»

«እመጣበታለሁ። ያ ድምፅ የጠቀመው ማንን ነው? ጋሽ ኻሊድ እዚሁ ነበሩ። ካፒቴን በዚያ ሰዓት በሕይወት ነበር ከተባለ የሚታሰሩት እሳቸው ናቸው። ታስረዋልም።» ወደ ኻሊድ አየች። «የራሱን መታሰሪያ ገመድ የሚገምድ የለም። የጠቀመው በዚያ ሰዓት መድኃኔዓለም ቁርስ ላይ ለነበሩት ለሁለታችሁ ነው። ከሁለታችሁ ደግሞ የሙግቱን ጽሑፍ ያውቅ የነበረው ማነው? ላጲሶ አላየውም። የጻፈችው ጠበቃዋ ናት።»

«አጎቴ ሊለማመደው ሰጥቼዋለሁ» አለች ብሩክታይት። «ያንን ቢለማመድ ምን ይገርማል?»

«ትቶታል። ሌላ ጽፎ ነበር።» ፈሂማ ከባርኔጣው ገበር ያወጣችውን ወረቀት ለአቶ ገብረኣብ ሰጠቻቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ።

«‹ክቡራን ዳኞች፤ ገጽ አልተደበቀብኝም። ሁለቱም ገጾች እጄ ላይ ነበሩ። ዓይኔ ፊደል መለየት ትቶ ነበር፤ አላይም ማለት አፈርኩ። የእህቴ ልጅ ‹አንብቤዋለሁ ጋሼ፣ ፈርም› አለችኝ። አላነበበችውም ነበር። እሷም አፍራ ሦስት ዓመት ደበቀችኝ። በውሸት ከማሸንፍ በእውነት ብሸነፍ ይሻለኛል።›»

ብሩክታይት ኮምፔንሳቶው ላይ ተደገፈች።

«ታብሌቱ ትእዛዝ የተቀበለው ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ፣ ከእርስዎ ስልክ ነው» አለች ፈሂማ ቀስ ብላ። «ተመዝግቧል። ጽሑፉ ለዳኞቹ ማሳያ አስቀድሞ ተጭኖ ነበር፤ መንካት ብቻ ነበር የቀረው። ሰልዋ የምትመጣበትንም ሰዓት ያውቁ ነበር።»

«ለመንኩት» አለች ብሩክታይት። «‹ጋሼ፣ ይህን ካነበብክ ነገ ማን ሰነድ ያምነኛል?› አልኩት። ‹እኔ ፊቴን አስይዣለሁ፣ አንቺ ስምሽን ብታስይዢ ምን አለበት?› አለኝ። ወረቀቱን አምጣ እያልኩ ገፋሁት። ደረጃው… መግደል አልፈለግሁም። ከዚያ ወረቀቱን ፈልጌ አጣሁት።»

«ለምን ወንበሩ ላይ አስቀመጡት?»

ባዶውን ወንበር አየች።

«መሬት ላይ ትቼው መሄድ አፈርኩ።»

ኻሊድ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ላጲሶ ግን ሰዓቱን አየ። «እንግዲህ ወንጀሉ ለብቻው፣ ውላችን ለብቻው። ሟች በቀጠሮው አልተገኘም። ቢገኝም ገጽ እንዳልደበቅኩ በእጁ ጽፎልኛል።»

«ማንበብ እንደማይችል ታውቅ ነበር?» አሉት አቶ ገብረኣብ።

ላጲሶ ብልጠቱን ሳይናገር መዋል የማይችል ሰው ነው። «አላውቅም ብል ማን ያምነኛል? ብዕሩን መስመሩ ላይ ያስቀመጥኩለት እኔ ነኝ! ጠበቃዋም እንዳላነበበች ከገጹ አገላለጧ ገብቶኛል። ያላነበበ ይክሰር፤ ንግድ ነው።»

አቶ ገብረኣብ ከሌሎቹ ሁለት ዳኞች ጋር አንገት ለአንገት ተጠጋግተው ተንሾካሾኩ። ከዚያ ወንበሩን በከዘራቸው አመለከቱ።

«ከሁላችን ቀድሞ ቦታው ላይ ተቀምጦ ጠብቆናል። ቀረ አይባልም። ቃሉም ተነቦልናል። አንተ ደግሞ ፊደል የማይታየው ሰው መሆኑን እያወቅህ እንዳስፈረምከው በአፍህ ነግረኸናል። ውሉን አምጣው።»

ላጲሶ ወደ በሩ አየ። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። ውሉን ከቦርሳው አወጣ። ሽማግሌው ለአራት ቀደው ቁርጥራጩን ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጡት።

ብሩክታይትን የወሰዷት በጀርባ በር ነው። ፈሂማ ሌላ ሰው እንዳታዋርድ ስትል እንዲህ አዘዘች። ኻሊድ ግን በፊት ለፊቱ በር ካልወጣሁ አለ። «ታስሬ የወጣሁት በየት ሆነና!»

ደጁ ላይ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቧል። ቅድም «ከሰላት በኋላ አይሆንም?» ያላት ጎረቤትም አለ። ፈሂማ በኻሊድ ፊት ቆመች። የይቅርታውን ቃል ከመኪናው ጀምራ አዘጋጅታዋለች። አፏ ላይ ሲደርስ ግን እንደ አጥንት ቆመ። ያኔ ከአጥሩ ወዲያ ሞተር ጮኸ፤ አውሮፕላኑ እየተነሣ ነው። ሰው ሁሉ ዝም አለ። ፈሂማ ብቻ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጩኸቱ መሀል ላይ ተናገረች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ታየ፤ ቃሉን የሰማ የለም።

ጩኸቱ ራቀ። ኻሊድ የካቴናው ምልክት ያለበትን አንጓውን እያሻሸ አያት።

«አውሮፕላን ሲያልፍ አይወራም» አላት። «አስተምሬሽ አልነበረም?»

«አስተምረውኛል።»

«እንግዲያው ድገሚው። እነዚህም ይስሙት።»

ፈሂማ ቆቧን አወለቀች። ሰማዩ ላይ ምንም አልነበረም። ደገመችው።