የካዛንጂያን ቤት ገጽ

መዝገብ ጸሐፊው ሴትራግ ሞቶ የተገኘው ማክሰኞ አመሻሽ ላይ፣ በአሌፖ አርመኖች ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። በመሰላሉ ሥር በጀርባው ተንጋሏል። ከጭንቅላቱ የወጣው ደም በምድጃው የድንጋይ ጠርዝ ላይ ረግቷል። ምድጃው ግን አሁንም ይነድ ነበር።

«ወድቆ ነው» አሉ አባ ጌቮንድ። ከመጡ ገና ሦስት ወራቸው ነው። «በሰባ ስምንት ዓመቱ መሰላል ላይ ምን አወጣው?»

መርማሪው ቫህራም ወደ ሟቹ ጠጋ አለ። በልጅነቱ ፊደል ያስቆጠረው ሴትራግ ነው። ተንበርክኮ የሽማግሌውን ግራ እጅ ከፈተ። መዳፉ ውስጥ የጠቆረ የዳቦ ልብ ነበር።

ሴትራግ የጠለሸ ገጽ የሚያጸዳው በዳቦ ልብ ነበር። ሊጥ እስኪመስል ያሸውና ጥላሸቱን በቀስታ ያነሳበታል። ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ሥራ ነው።

«ዳቦ እያሸ መሰላል የሚወጣ ሰው የለም፣ አባ። ተቀምጦ ሳለ ነው የሞተው። መሰላሉን ያቆመው ሌላ ሰው ነው።»

ጠረጴዛው ላይ፣ አርመኖች ከቱርክ በተባረሩበት በስደቱ ዓመት በአህያ ጭነት ውስጥ ተሸሽጎ ከማራሽ ከተማ የመጣው የቤተሰብ መዝገብ ተዘርግቷል። ለአንድ ቤት አንድ ገጽ፤ አያቱም ጨቅላውም እዚያው ላይ ነው የሚጻፈው። ከመሃሉ አንዱ ገጽ የለም። በስፌቱ ጥግ በስል ነገር፣ ሳይሸረከት ተቆርጧል።

«ምን እየፈለገ ነበር?»

«እሁድ ሰርግ አለ» አሉ አባ። «የጫማ ሰፊው የኮረን ወንድም ልጅ ህራይርና የኑቫርድ ልጅ ሾጊግ። ሰባት ቤት ሳይቆጠር ማን ያጋባል? የልጁ ቤት ካዛንጂያን ነው፣ የልጅቷ ጋዛንጂያን። በሌላ መዝገብ ደግሞ ካሳንጅያን የሚል አለ። ጸሐፊ ሁሉ ጆሮው እንዳቀበለው ነው የጻፈው። ሴትራግ አንድ ቤት መሆን አለመሆናቸውን እያጣራ ነበር።»

ሙሽሮቹ ማክሰኞን የዋሉት ከሳብ በምትባል ሩቅ ከተማ ዘመድ ሲጠሩ ነው። ቫህራም በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ የሄደው ወደ ልጅቷ እናት ነበር። ኑቫርድ ከጥልፏ ላይ ቀና አላለችም።

«እትዬ ኑቫርድ፣ ትናንት ከሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ምስክሬ መርፌዬ ነው። አስረህ መርምረዋ!»

«ከሟቹ ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል።»

«ጠዋት ሄጄ ሰድቤዋለሁ። ልጄ ሰው አገኘች ስል በብል የተበላ ወረቀት ይዞ ሊያፈርስብኝ! ‹የሞቱትን ተውና የቆሙትን ቁጠር› አልኩት። ሳቀና ‹ታገሺ› አለኝ።»

«የእርስዎስ ሰዎች የማራሽ ናቸው?»

«እኔ የሃርፑት ልጅ ነኝ። ማራሽ የባሌ አባት አገር ነው፤ አማቴም በወጣትነቱ ከዚያ ወጥቶ ከዘመድ ተቆረጠ።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ኮረንን ጠይቀው። ለነገሩ እሱም ቢሆን የገዛ እህቱን ስም አያውቅም። እሱ ገና ትንሽ ልጅ ሳለ፣ በስደቱ መንገድ እናቱ ጀርባ ላይ የሞተችውን ጨቅላ። አርባ ዓመት ሙሉ ሻማ ሲያበራላት ‹ስሟን አንተ ታውቃለህ› ነው የሚለው ለጌታ።»

ኮረን በሱቁ ቆዳ ይቆርጥ ነበር።

«ግባ፣ የሕግ ሰው። የጫማህ ሶል አልቋል፤ ሌባ የምታባርረው በባዶ እግርህ ነው?»

«ጋሽ ኮረን፣ ትናንት መዝገብ ቤት ሄደው ነበር?»

«ጠዋት። ‹ገና አልጨረስኩም› አለኝ።»

«ሰርጉ ቢቀርስ?»

ቢላዋው ቆመ። «ህራይር ምሏል። ሾጊግን ከከለከሉት መርከብ ተሳፍሮ ይሄዳል። ከአርባ ሰው ቤት የቀረነው እኔና እሱ ነን። እኔ ደግሞ አልወለድኩም።» ቆዳውን ገለበጠው። «እሱ ከሄደ ያ ቤት አለቀ።»

ሐሙስ ሴትራግን ቀበሩት። ቫህራም ከቀብሩ መልስ መዝገብ ቤት ገብቶ ምድጃው ፊት ለብዙ ጊዜ ቆመ። በጥልፍ መቀስም በጫማ ሰፊ ቢላዋም ገጽ ይቆረጣል። ግን ገጹ እንዲጠፋ የፈለገ ሰው፣ እሳቱ ክንድ እንኳ በማይርቅበት ቦታ፣ ለምን አላቃጠለውም? አብሰለሰለና ድንገት ወደ አባ ጌቮንድ ዞረ።

«አባ፣ ሰሞኑን ለሙታን ጸሎት ስም የሰጠ አለ?»

አባ ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ቫህራም አንብቦ ሲጨርስ ወደ መጨረሻው ስም ተመለሰ።

አርብ ሁሉንም መዝገብ ቤት ሰበሰባቸው፤ አባን፣ ኑቫርድን፣ ኮረንን፣ ሙሽሮቹንም።

«ሴትራግ አልወደቀም» አለ። «ተቀምጦ ገጽ ሲያጸዳ ሰው ገፋው፤ ራሱን ድንጋዩ መታው። ገፊው ገጹን ቆርጦ ወሰደ፣ መሰላሉንም አቆመ። እሳቱ አጠገቡ ነበር፤ አልጣለበትም።»

«ረስቶ ይሆናላ!» አለች ኑቫርድ።

«ስፌቱን ሳይነካ የቆረጠ እጅ አይረሳም። የእኛ ሙታን መቃብር የላቸውም፣ እትዬ። በረሃ ነው የቀሩት። ያ ገጽ መቃብራቸው ነው። እርስዎ ቢሆኑ ያቃጥሉት ነበር፤ የሃርፑት ሰው ነዎት፣ ሙታንዎ እዚያ ላይ አልተጻፉም። አባም እዚያ ላይ ዘመድ የላቸውም። ሊያቃጥለው የማይችል ሰው አንድ ብቻ ነው።»

ህራይር ወደ አጎቱ ዞረ። ኮረን ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ዘመዶቼን መውደዴ ነው ወንጀሌ?»

«ረቡዕ ማለዳ ለአባ አሥራ አንድ ስም ሰጥተዋል። የመጨረሻዋ ‹ጨቅላዋ ማኑሻግ› ትላለች።» ቫህራም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማክሰኞ ጠዋት፣ ጥላሸቱ ከገጹ ሳይነሳ፣ ስሟን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፣ ጋሽ ኮረን። ረቡዕ ከየት አገኙት?»

ኮረን የኮቱን ገበር በጣቱ ቀደደና ገጹን አወጣ። ጠረጴዛው ላይ ሲያኖረው በሁለት እጁ ነበር።

«ከሰዓት ተመልሼ ሄድኩ። ‹አያቶቻቸው ወንድማማቾች ናቸው፤ በሁለቱም ወገን ሲቆጠር ስድስት ነው፣ ሰባት አይሞላም› አለኝ። ‹ግን ኮረን፣ ስማኝ...› ሲል ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም። ከዚያ ገጹን አየሁ። እናቴ፣ እህቶቼ... ማኑሻግ። ጸሎት ሳይደርሳት ሌላ ቀን እንድታድር አልፈለግሁም።»

አባ ጌቮንድ በዝግታ አንድ ፖስታ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ሰኞ ሴትራግ ለጳጳሱ ደብዳቤ አስልኮኝ ነበር፤ ምን እንደጻፈ አልነገረኝም። መልሱ የደረሰው ዛሬ ጠዋት ነው።» ፖስታውን ከፈቱት። «ስድስት ቤት ሆነው ቢገኙ እንኳ፣ ከእነዚህ ቤቶች ብዙ ሰው አልተረፈምና ይጋቡ ብሎ ለምኗል። ጳጳሱ ፈቅደዋል።»

ኮረን የሴትራግን ወንበር መደገፊያ ይዞ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ሾጊግ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ቀለበቷን አውልቃ ላዩ ላይ አስቀመጠች።

«አንቺ ልጅ!» አለች እናቷ።

«ስለ እኔ ለምኖ በተገደለ ሰው ደም ላይ አክሊል አልደፋም፣ እማ።»

ህራይር አልለመናትም። በሳምንቱ ከላታኪያ ወደብ መርከብ ተሳፈረ። ኮረን ወሬውን የሰማው እስር ቤት ሆኖ ነው።

የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሞት ሠላሳ ዓመት ሲመዘግብ የኖረው ሴትራግ ነበር። የእሱን የሚጽፍ አልተገኘም። ቫህራም ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የተወለደበትን ከተማ ጻፈ። «የሞቱ ምክንያት» ከሚለው ረድፍ ሲደርስ እጁ ቆመ። ቀለሙ ብዕሩ ጫፍ ላይ ደረቀ። እንደገና ነከረው።