እርከን የሌለበት ሜዳ

የነሐሴ ዝናብ ከቡሬ በታች ያለውን ጨፌ ይገርፈዋል። ስመኝ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ደንገሉ ውስጥ ገባች። ወንድሟ ገደፋው የጠፋ በሬ ፍለጋ እዚህ ከገባ ሁለት ቀኑ ነው። የአገር ሰው ፈልጎ፣ ፈልጎ ተመለሰ። እሷ ግን እንቢ ብላ፣ መሬት ሊለካ የመጣውን ቀያሽ ወንድምአገኝን ከነካርታው ጎትታ አመጣችው።

ወንድምአገኝ በላስቲክ የተሸፈነውን ካርታ ዘረጋ። «እትዬ ስመኝ፣ እኒህ ቡናማ መስመሮች ከፍታ ናቸው። ሲጠጋጉ ዳገት፣ ሲራራቁ ሜዳ ነው። በሜዳው እንሂድ፣ ይቀለናል።»

ስመኝ አጎንብሳ አየች። ዕድሜዋን እርከን ስትቆፍር የኖረች ሴት ናት። «ይሄማ እርከን ነው! አንተ ሰውዬ፣ እርከን የሌለበት ላይ ውሃ ይተኛል። አትግባ!»

«ካርታ የማነበው እኔ ነኝ» ብሎ ገባ። ብዙም ሳይራመድ ጭቃው እስከ ወገቡ ዋጠው። ካርታውን ወደ ላይ አንጠልጥሎ ጮኸ።

ስመኝ በሆዷ ተኝታ መቀነቷን ወረወረችለት። ሳበች። መቀነቱ ተተረተረ፤ እሷም ደግማ ሳበች። ጭቃው ጫማውን አስቀርቶ ሰውየውን ለቀቀው።

«ካርታውስ?» አለች።

«እኔስ ‹ደህና ነህ ወይ?› አልባልም?»

«አንተማ ይኸው ትለፈልፋለህ።»

ከዚያ ወዲያ መሪዋ እሷ ሆነች። በጨፌው መሃል ባለች ትንሽ ክብ መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ይቺስ?»

«ጉብታ ናት።»

«እንግዲያ ገደፋው ውሃው ሲሞላበት ወደዚች ነው የሸሸው።»

የመስመሮቹን ጠርዝ ተከትለው ዞሩ። በረዶ ወረደባቸው፤ ስለታሙ የፊላ ሣር እጃቸውን ቆራረጠው። አመሻሽ ላይ ሲደርሱ ከጉብታዋ ሥር ጅብ ቆሟል። ስመኝ ዱላዋን ይዛ እየጮኸች ሄደችበት። ሸሸ፤ ግን ሩቅ አልሄደም።

ገደፋው ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ብርድ ገድሎታል፤ ሬሳው ደርቋል።

«ተሸክመን እንውጣ» አለች።

ወንድምአገኝ ባዶ እግሩን አየ። «አንችልም እትዬ።»

ስመኝ ጅቡ ወደሸሸበት ዞራ አየችና ዱላዋን አፈሩ ውስጥ ሰካች። በዱላና በእጃቸው መቃብር ቆፈሩ። ቄስ የለ፣ ፍትሐት የለ፤ አቡነ ዘበሰማያት ደግማ አፈር አለበሰችው።

«ስሙን ካርታው ላይ ጻፍልኝ።»

«ካርታ ላይ ሰው አይጻፍም።»

«ጉብታስ?»

«ስም ካለው ይጻፋል።»

«አለው። የገደፋው ጉብታ በል። ደመቅ አድርገህ! ውሃው ሲጎድል ለፍትሐቱ ቄሶቹን የማመጣው በዚሁ ካርታ ነው።»

ወንድምአገኝ እርሳሱን አወጣ። ስመኝ ወረቀቱ እንዳይርስ ነጠላዋን ዘርግታለት እስኪጨርስ ቆመች።