የእትዬ ሠርካዲስ አምስት ሸክላዎች

«ከአምስቱ የትኛውን ወደዳችሁ? ለምን?»

ሊሚ ጥያቄውን ለአራተኛ ጊዜ አነበበችው። መልሱ እስከ ነገ ስድስት ሰዓት መላክ አለበት፤ እሷ ግን ገና አንዱንም አልሰማችም። ዊንጌት ታክሲ መያዣው ጋ ቆማ የጆሮ ማዳመጫዋን አንዱን ጎን ሰካች። ሌላኛው ጎን ከተበላሸ ሰንብቷል።

ጥያቄውን የጻፉት እትዬ ሠርካዲስ ናቸው። ቡልጋርያ ኦፔራ ተምረው፣ እዚያው ሃያ ሁለት ዓመት መድረክ ላይ ዘፍነው የተመለሱ ሴት ናቸው፤ አሁን የሚኖሩት ቁስቋም ነው። የትምህርት ቤቱን የሙዚቃ ክበብ የሚመራው ቲቸር ነገራ ለምኗቸው፣ አንድ ተማሪ መርጠው በየቅዳሜው ድምፅ ሊያስተምሩ ተስማሙ። አንድ ብቻ። አሥራ አንድ ልጆች ተመዘገቡ። እትዬ ሠርካዲስን በአካል ያየ ተማሪ የለም። የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተው፣ ከድሮ ሸክላዎቻቸው በጣም የሚወዷቸውን አምስት ዘፈኖች ስልካቸውን ማጫወቻው አጠገብ አድርገው እየቀዱ ላኩ። ከእያንዳንዱ በፊት ለምን እንደሚወዱት በራሳቸው ድምፅ ይናገራሉ።

ሊሚ ስለ ኦፔራ የምታውቀው ነገር ቢኖር ፊልም ላይ ብርጭቆ ሲሰብር ነው። ቦታውን ግን አጥብቃ ትፈልገዋለች። በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ድምፅሽ የሌሎቹን ይውጣል ተብላ ወደ ኋላ ረድፍ ከሄደች ዓመት አለፋት። በየልምምዱ «ሊሚ፣ ቀንሺ» ትባላለች። መቀነስ ሰልችቷታል።

«ሁለተኛው ላይ ሳል ይሰማችኋል» አሉ እትዬ ሠርካዲስ፣ በሚያስደንቅ ፍጥነት። «ያሳልኩት እኔ ነኝ። ሲቀዳ አዳራሹ ውስጥ ተመልካች ነበርኩ። ሳሌም አብሮ ታተመ። ስለዚህ የመጀመሪያ ሸክላዬ ይሄ ነው!»

ሊሚ ብቻዋን ሳቀች። አነጋገራቸው የታክሲ ረዳት ነው የሚመስለው፤ ቃላቱ ይጋፋሉ።

«ሦስተኛዋ» አሉ ቀጥለው፣ «ባሏ ከጦርነት በሕይወት መመለሱን የሰማች ሴት ናት። ዘፋኟ ያን ጊዜ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ትንፋሹን ከየት እንዳመጣችው እኔ እስካሁን አልገባኝም።»

ሸክላው ትንሽ ተንኮሻኮሸ፤ ቫዮሊኖች ገቡ፤ ከዚያ ሴትየዋ ጀመረች። ሊሚ ቋንቋውን አታውቅም፤ ግን ክንዷ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። ድምፁ ወፍራም ነው። ማንም «ቀንሺ» አላለውም!

«ሸጎሌ! ሸጎሌ አንድ ሰው! እህት፣ አትገቢም?» አለ የታክሲው ረዳት።

«እለፉኝ!» አለች ሊሚ። ሁለት ታክሲ አለፋት። መጨረሻው ላይ ድምፁ ወደ ላይ ሲወጣ እሷም ሳታስበው በእግሯ ጣቶች ጫፍ ቆማ ነበር። እዚያው ቆማ ጻፈች። «ሦስተኛዋን። ሴትየዋ እየሮጠች ነው። ከቁስቋም ቁልቁል፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ። ደስ ብሏታል፤ ግን ካልደረሰች አታምንም፤ ስለዚህ ለማልቀስ እንኳ ጊዜ የላትም።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በማታውቀው ቁጥር ተደወለላት።

«ሊሚ... ነሽ?» የአሮጊት ድምፅ ነው፤ ዝግ ያለ፣ ከአንዱ ቃል ወደ ሌላው ሳይቸኩል የሚራመድ። «ሠርካዲስ ነኝ። ያንን ሸክላ... አርባ ዓመት ሰምቼዋለሁ። ሁልጊዜ የምትታየኝ በር ላይ ቆማ ነበር። አንቺ እየሮጠች ነው አልሽኝ። ከትናንት ጀምሮ... ባስቆማትም አትቆምልኝም። ቅዳሜ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ነይልኝ።»

ሊሚ በሩጫ ወደ ሀያም አባት ሱቅ ሄደች። ሀያም የክፍሏ ልጅና የልብ ጓደኛዋ ናት፤ እሷም ተወዳድራ ነበር። ባንኮኒው ላይ ተደግፋ የቤት ሥራ እየሠራች አገኘቻት።

«ተመረጥኩ! ሀያምዬ፣ እኔን መረጡኝ!»

ሀያም እስክሪብቶዋን ወርውራ አቀፈቻት። «አንቺ! ምን ብለሽ ጻፍሽላቸው?»

«ሦስተኛዋን ወደድኩ አልኩ።»

«ሦስተኛዋን? እኔ እኮ እሷን ስሰማ እንቅልፍ ነው የወሰደኝ። ቁጭ ብዬ! ከጣልያንኛ የማውቀው ፓስታና ጎሚስታ ነው፤ ሁለቱንም አልዘፈነቻቸውም።»

«እንዴት ይተኛል? ትሮጣለች እኮ!»

«ማን? ያቺ ሴትዮ? ቆይ ላሰማሽ» አለችና ሀያም የራሷን ስልክ ከፈተች።

በመጀመሪያ የእትዬ ሠርካዲስ ድምፅ መጣ። ዝግ ያለ። ልክ ስትደውልላት እንደሰማችው። ቀጥሎ ቫዮሊኖቹ በቀስታ ገቡ፤ ሴትየዋም ጀመረች። አልሮጠችም። ቆማ ነበር።

«ይሄ ሌላ ነው» አለች ሊሚ።

«ያው ነው ባክሽ። ያንቺን አምጪው እስቲ።» ሀያም ስልኩን ተቀብላ ማያው ላይ አፈጠጠች፤ ከዚያ ጮኸች። «ወይ ጉድ! አንድ ነጥብ አምስት ላይ ነው እኮ ያለው!»

ሊሚ ወዲያው ገባት። የሒሳብ አስጠኚያቸው የሚልከው የድምፅ ትምህርት በጣም ስለሚረዝም ፍጥነቱን ጨምራው ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚላክላትን ድምፅ ሁሉ በዚያው ፍጥነት ነው የምትሰማው።

ሀያም ባንኮኒውን ይዛ ሳቀች። «ኦፔራውን እንደ ሒሳብ ጨረስሽዋ!» ሊሚም ሳቀች። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ የሀያም ሳቅ ቀስ ብሎ ጠፋ።

«እኔ በትክክሉ ሰምቼ ነው የወደቅኩት ማለት ነው» አለች። እንደ ቀልድ ነው ያለችው፤ ግን ዞር ብላ የተደረደሩትን ሳሙናዎች ማስተካከል ጀመረች።

ሊሚ ስልኳን መልሳ ወሰደች። «ልንገራቸው እንዴ?»

«አብደሻል? በቃ ዝም በይ። የጠየቁት የትኛውን ወደድሽ ነው፤ በስንት ፍጥነት አላሉም። ወደሽዋል አይደል?»

ዓርብ ከትምህርት በኋላ ሊሚ ትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ፍጥነቱን ወደ አንድ መለሰችና ሦስተኛዋን እንደገና ከፈተች። ዘጠኝ ደቂቃ ነው። በሦስተኛው ደቂቃ ሰለቻት፤ ልታጠፋው እጇን ዘረጋች። በዚህ መሀል አንድ ነገር ሰማች። ሴትየዋ ወደ ላይ ከመውጣቷ በፊት ትንፋሽ ወሰደች። አልበቃትም። ሁለተኛ ወሰደች፤ እሱም ጥቂት ነው። እንደዚያም ሆና ወጣች። በፈጣኑ ይሄ አልተሰማም ነበር። ሊሚ ወደ ኋላ መለሰችው። ደግማ መለሰችው። ለሀያም ልታሰማት ቸኮለች።

መጀመሪያ ግን ለእትዬ ሠርካዲስ መልእክት መጻፍ ጀመረች፤ አጠፋችው። ደግማ ጽፋ አጠፋች። መጨረሻ ላይ የድምፁን ምልክት ተጫነች።

«እትዬ፣ ሊሚ ነኝ። እ... ማለቴ፣ የመጀመሪያውን መልስ የሰጠሁት ፍጥነቱን ጨምሬ ሰምቼ ነው። ሳላውቅ ነው። ሴትየዋ አትሮጥም። ዛሬ በትክክሉ ሰማሁት፤ እንደ መጀመሪያው አልወደድኩትም። ግን ሁለቱን ትንፋሽ አገኘሁ። ቅዳሜን ለሌላ ሰው መስጠት ከፈለጉ ይገባኛል። ሀያም በትክክሉ ነው የሰማችው። አትምጪ ካላሉኝ ግን... እመጣለሁ።»

ላከችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስልኳን አየች። መልእክቱ ተሰምቷል። መልስ የለም። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይም አልነበረም። የተሳፈረችበት ታክሲ ሞልቶ የቁስቋምን ዳገት ሲጀምር ለመጨረሻ ጊዜ አየችው። «አትምጪ» የሚል መልስ አልመጣም፤ ከዚያ በኋላም አልመጣም።