የሞላልኝ ቀይ አበባ

በ፳፻፲፫ ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ የካቲት፣ ያ ታላቅ ብርድ ቴክሳስን በወረረ ጊዜ መብራት ጠፋ፤ ውኃ ቆመ፤ በዩለስ ከተማም የግራዝማች የልጅ ልጅ ነኝ ባዩ የሞላልኝ አፓርትመንት ቧንቧው ፈንድቶ አልጋው ዋኘ። እርሱም «ቧንቧው እስኪጠገን» ብሎ ከአክስቱ ልጅ ከወይዘሮ ዘርትሁን ቤት ገባ። ቧንቧው ወዲያው ተጠገነ፤ ሞላልኝ ግን ሚያዝያ ሲጠባም ሶፋው ላይ ነበር።

ወይዘሮዋ ለትንሣኤ እንግዳ እንደሚመጣባቸው፣ እንግዳውም ሶፋ እንደሚያስፈልገው ነገሩት። መኳንንት የጌታቸውን ቍጣ በእጅ መንሻ ያበርዱ እንደነበር ሞላልኝ ያውቃል፤ ከኤርፖርት ሥራው ሲመለስ መኪናውን ዳር ፓርክ አድርጎ፣ አውራ ጎዳናውን እሳት ካስመሰለው ቀይ የዱር አበባ አንዱን ከነአፈሩ ቆፍሮ አመጣና ከደጃቸው ተከለላቸው። ራያ ውስጥ ማሽላ ሲያርም ያደገ ነውና፣ በአበባው ዙሪያ አንድ ሣር ሳያስቀር ነቅሎ መሬቱን እንደ አውድማ አጸዳው።

አበባው ውሎ ሳያድር ጠወለገ፤ ውኃ ቢያጠጣው ጭራሽ አንገቱን ደፋ።

የወይዘሮዋ ልጅ ሀሴት ስለ አበባው ከስልኳ ፈልጋ አነበበችና «ጋሼ፣ ሣሩን ሪሙቭ አደረግከው? ማለቴ፣ እሱ እኮ ከሣሩ ሥር ነው የሚበላው» አለችው። ቅጠሉ አረንጓዴ ስለሆነ ጥቂት ለራሱ ያበስላል፤ ከመሬት በታች ግን ሥሩን ከጎረቤቱ ሥር ሰክቶ ይጠጣል። ቀዩም ቢሆን የቅጠል ካባ ነው፤ እውነተኛው አበባ ከካባው ሥር የተሸሸገች ሚጢጢ ነገር ናት።

ወይዘሮ ዘርትሁን አበባውን አዩ፤ በመስኮት በኩል ደግሞ ሶፋውን አዩ።

«የኛው አቀንጭራ በለኛ» አሉ።

ሞላልኝ የተከሰሰው አበባው ብቻ አለመሆኑ ገባው፤ በአያቱ ድምፅም ተሟገተ። «እትዬ፣ አቀንጭራ ማሽላውን ይገድላል። ይኼኛው ሥራ አለው፤ ቅጠሉን ይመልከቱ። ሣሩንም አይገድለውም።»

«ሣሩን ማን ጠየቀው?»

የግራዝማቹ የልጅ ልጅ በትንሣኤ ዋዜማ ሻንጣውን ይዞ ወጣ፤ የተከራየው ግን ከአጥሩ ወዲያ ያለውን አፓርትመንት ነበርና፣ ምሳ በደረሰ ቍጥር የወይዘሮዋ በር ይንኳኳል። በተከታዩ ሚያዝያ ሣሩ መልሶ ሲበቅል ከመካከሉ ቀይ ነገር ብቅ አለ፤ ወይዘሮ ዘርትሁንም ሣር አጫጁን በዚያ በኩል እንዳያልፍ ከለከሉት።

የዘመኑ ጸሐፊዎች ብርዱን ጽፈዋል፤ የጠፋውን መብራትና የፈነዳውን ቧንቧም አልዘነጉም። ስለ ሶፋው የጻፈ የለም፤ ሣሩንም እስከ ዛሬ የጠየቀው የለም።