የቀዩ ክፍል በር

ሱዋርጎ ልጅ ሳለ፣ ከጣራ ጠፈጠፍ ተጠልሎ ዝናብ እስኪያባራ ሲጠብቅ፣ እናቱ ከአንዲት ጎረቤት ጋር ስታወራ ሰምቶ ነበር። ስለ ሙሽራ ይሁን ስለ ሠራተኛ ዛሬ ጠፍቶበታል።

«‹እንጊህ› ብላለች?» አለች እናቱ።

«ብላለች።»

«አንገቷን ደፍታ ነው ቀና ብላ?»

«ደፍታ።»

«እንግዲያው ምንም አላለችም። ተመልሰሽ ጠይቂያት።»

የቀረውን ዝናቡ ወስዶታል። እንጊህ የጃቫ ሰው ለበላዩ የሚመልሰው እሺታ ነው። ሱዋርጎ አድጎ፣ ፖሊስ ሆኖ፣ ጢሙ ሸብቶ፣ በላሰም ከተማ ጣቢያ ኢንስፔክተር ሲባል፣ ያቺ ግማሽ ወሬ በጥርስ መሐል እንደቀረ ስንጥር አብራው ኖራለች።

የፓክ ማርዎቶ ሬሳ የተገኘው በከባዱ ዝናብ ወራት፣ ከቀትር በኋላ ነው፤ ፓክና ቡ በጃቫ እንደ አቶና ወይዘሮ ናቸው። የተገኘበትም ጨርቅ በሰም ተሥሎ ቀለም የሚነከርበት የሚስቱ የቡ ሩሚናህ የባቲክ ቤት፣ «ቀዩ ክፍል» የሚባለው የቀለም ክፍል ነው። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። የቡ ሩሚናህ የወንድም ልጅ ጃትሚኮ በትከሻው ሰብሮ ሲገባ፣ አጎቱ ትራሱን ተደግፎ እንቅልፍ የወሰደው መስሎ አገኘው። አጠገቡ ባዶ የሻይ ብርጭቆ አለ። ከላዩ በገመድ የተሰጡ እርጥብ ጨርቆች፣ ከእግሩ ማዶ ረመጡ ያልጠፋ የከሰል ማንደጃ።

ሱዋርጎ ሲደርስ ሬሳው ወደ አዳራሹ ወጥቶ ምንጣፍ ላይ ተጋድሟል። «ኢና ሊላሂ» ብሎ ከራስጌው ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ቡ ሩሚናህ ደረሰች። ሬምባንግ ከተማ የምትኖር ልጇ በምጥ ተይዛ ነበርና ከማለዳ ጀምሮ እዚያው ነበረች፤ የልጅ ልጇን አቅፋ በሳመችበት አፍ ነው መርዶውን የሰማችው። ግን ምንጣፉ ዘንድ አልቆመችም። ባሏን አልፋ፣ ለቀስተኛውን ገፍታ፣ ቀዩ ክፍል በር ላይ ቆመችና ወደ ጣራው ቀና አለች። ከዚያ ነው የወደቀችው።

«ኀዘን አእምሮዋን ወሰደው» አሉ ሴቶቹ። ሱዋርጎ ግን ያንን ቀና ማለት በልቡ ያዘው።

ቤተሰቡ ሬሳው በቢላ አይነካም ስላለ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበሩት። በማግስቱ ሳጅን ቲጎር ፊቱ በርቶ መጣ። ቲጎር የሱማትራ ሰው፣ የባታክ ልጅ ነው፤ ጃቫ ከተመደበ ገና አንድ ክረምት አልሞላውም። በእሱ አገር ሰው አዎ ካለ አዎ ነው፤ እምቢ ካለ ጠረጴዛ ይደበድባል።

«ጌታዬ፣ አለቀ። ዋጊየም አምናለች።»

ዋጊየም ከልጅነቷ ጀምሮ በዚያ ቤት በሰም ብዕር ጨርቅ ላይ የምትስል ሴት ናት።

«ምን ብላ አመነች?»

«በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ስለዚህ ከውጭ የገባው ነገር ሻዩ ብቻ ነው። ‹ሻዩን ያቀረብሽው አንቺ ነሽ?› አልኳት። እንጊህ። ‹ውስጡ የጨመርሽው ነገር አለ?› እንጊህ። ‹በአንቺ ምክንያት ነው የሞቱት?› እንጊህ! ምን ቀረ? ነገ ሬምባንግ ወስጄ ለዐቃቤ ሕግ አስረክባታለሁ።»

«የጨመረችው ምን እንደሆነ ጠይቀሃታል?»

ቲጎር ኮፍያውን አስተካከለ።

ሱዋርጎ ተነሥቶ ዋጊየም ወዳለችበት ክፍል ገባ። ጣቶቿ በሰም የተቃጠሉ፣ አንገቷን የደፋች ሴት አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ዋጊየም፣ ሻዩ ውስጥ ምን ጨመርሽ?»

«ዝንጅብል፣ ፓክ። ሲያስላቸው ነው የሰነበተው።»

«ይህንን ሁሉ ዝናብ ያዘነብሽውስ አንቺ ነሽ?»

«እንጊህ፣ ፓክ።»

ቲጎር በሩ ላይ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ምን አይነት ሰው ነች? ታዲያ ይሄ እንጊህ ምን ማለት ነው?»

«‹ሰምቼዎታለሁ› ማለት ነው። አንዳንዴ እሺ ማለት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ‹አይቆጡኝ› ማለት ነው።»

«እምቢ ሲሉስ?»

«አይሉም። በጣም የደፈረ ‹ደሬንግ› ይላል፤ ‹ገና ነው› እንደ ማለት። ጥርሷ ያለቀ ቆሞ ቀር እንኳ ባል አገባሽ ወይ ስትላት ‹ገና ነው› ነው የምትልህ።»

«የሚገርም አገር! ግን እኔ ቃሏን በፊርማ ተቀብያለሁ፣ ጌታዬ። የበላይ ደግሞ ቃል ነው የሚፈልገው።»

እውነቱን ነው። ሱዋርጎ ዋጊየምን ከነገ የሚያስጥልበት አንድም ነገር በእጁ አልነበረውም። ዱዓ አድርጎ ወጣና በመጀመሪያ ሬሳውን ያጠቡትን ሽማግሌ አገኘ።

«ቀይ ነበር» አሉት ሽማግሌው። «የሞተ ሰው ይገረጣል። ማርዎቶ ግን ጉንጩም ጥፍሩም እንደ ሚስቱ ቀለም ፍም መስሎ ነበር። ለሰው አላወራሁም፤ የሬሳ ገመና ነው።»

ከዚያ ወደ ባቲክ ቤቱ ሄደ። ጃትሚኮ ደጃፉ ላይ ሲጋራ ይዞ ተቀምጧል።

«ከአጎትህ ጋር ተጣልተህ ነበር ይላሉ።»

«ከአክስቴ ጋር እንጂ! ማን ከአጎቴ ጋር ይጣላል? አንድ ቀለም ያሳዩኝ አልኳት፣ ‹ስሞት› አለችኝ። ቡ ሩሚናህ ለማንም ምንም አትሰጥም፣ ፓክ። የሰሙ እሳት ራሷ፣ ገበያው ራሷ፣ የክፍሉ ቁልፍ አንገቷ ላይ። ሴቶቹ ‹ተኝታም በሕልሟ ትቆጥረናለች› ይላሉ።»

«ታዲያ ያን ዕለት?»

«ያን ዕለት ተአምር ሆነ! የሠርግ ጨርቅ አልደርቅ ብሎ ሊሻግት ነው፣ ልጇን ምጥ ይዟታል። ብትጨነቅ ጊዜ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ለዋጊየም ሰጠቻት። ‹እሳቱን እኔ እንደማደርገው አድርጊ› አለቻት። ዋጊየም እንጊህ አለች። መኪናው ተነሣ።»

«ዋጊየም ከዚያ በፊት እሳት ሲነድ ክፍሉ ገብታ ታውቃለች?»

«ማን ገብቶ? ቀዩ የሚዋሐደው እዚያ ነው። አጎቴ እንኳ ደፉን ረግጦ አያውቅም።»

«ታዲያ ያን ዕለት ምን አስገባው?»

ጃትሚኮ ሲጋራውን አየው። «ስልክ ተደወለለት። ‹እሺ፣ እሺ፣ ሴትዮ፣ አትጩሂ› አለ። ከዚያ ትራሱን ይዞ ገባ። በሩን ሲቀረቅር ሰምቼ ስቄበታለሁ።» ሲጋራውን መሬት ላይ ተረኮሰ። «ከሰሉ ነው እንዳይሉኝ፣ ፓክ። አክስቴ ሠላሳ ክረምት በከሰል ስታደርቅ አስነጥሳ እንኳ አታውቅም።»

ሱዋርጎ ቀዩ ክፍል ውስጥ ብቻውን ቆየ። ግድግዳው ሥር ሁለት የቤት እንሽላሊቶች በጀርባቸው ተዘርግተዋል። አነሣቸው፤ ሞተዋል። ከትልቁ የቀይ ቀለም ማሰሮ ጀርባ ግድግዳውን ሲዳብስ እጁ ገመድ ላይ አረፈ። ገመዱ ከሚስማር ላይ ተጠምጥሟል፤ አንዲት አጭር ሴት ክንዷን ዘርግታ የምትይዘው ቦታ ላይ ከእጅ ብዛት አብረቅርቋል። ሳበው። ከጨርቆቹ በላይ፣ በጨለመው ጣራ ላይ፣ አንድ ሳንቃ እያቃሰተ ተነሣና የሰማይ ብርሃን ገባ።

«ያ ረቢ» አለ ሱዋርጎ። ደስ አላለውም።

በሦስተኛው ቀን ጸሎት ጎረቤቱ ሁሉ ሩዙን በልቶ ከተበተነ በኋላ፣ ሱዋርጎ የቀሩትን በአዳራሹ ምንጣፍ ላይ አስቀመጠ። ቡ ሩሚናህ ነጭ ተከናንባ፣ ጃትሚኮ ከጎኗ፣ ሽማግሌው አጣቢ ከምሰሶው ሥር። ቲጎር በግድ የመጣችውን ዋጊየምን አስከትሎ ገባ። መኪናው ደጅ ቆሟል፤ ከዚህ ቀጥሎ መንገዱ ወደ ሬምባንግ ነው።

«ቶሎ በሉ፣ ጌታዬ» አለ ቲጎር። «ጎርፍ መንገዱን ሳይቆርጠው።»

«አልቆይም። በመጀመሪያ ሻዩን እናንሣ።» ሱዋርጎ መሐረቡን ፈታ። «እነዚህ ከክፍሉ የተገኙ ናቸው። እንሽላሊት ሻይ አይጠጣም። ሰውዬውንም እነሱንም የገደለው በአፍ የገባ ነገር አይደለም፤ በአየር የገባ ነው።»

«ከሰሉ?» አለ ቲጎር።

«ሬሳው ፍም መስሎ እንደነበር ያጠቡት ሐጂ ይመሰክራሉ። የከሰል አየር የገደለው ሰው እንደዚያ ይቀላል።»

«ግን እኮ ሠላሳ ክረምት…» አለ ጃትሚኮ።

«እሱ ነው ጥያቄው። ሠላሳ ክረምት ያልገደለ እሳት ያን ዕለት ምን አገኘው? ጣራው ላይ በገመድ የሚከፈት ሳንቃ አለ። ገመዱ ከቀዩ ማሰሮ ጀርባ ነው፤ ማንም እጁን በማይሰድበት ቦታ። ጃትሚኮ፣ ታውቀው ነበር?»

«አላውቅም! በአላህ!»

«ዋጊየም፣ አንቺስ?»

ዋጊየም «እንጊህ» ልትል ከንፈሯን አላቀቀች።

«አንገትሽን ቀና አድርጊ፣ እኅቴ። የምቆጣሽ አይደለሁም። ቡ ሩሚናህ እሳት ስታስገባ አንቺ ከደጅ ሆነሽ ምን ነበር የምታዪው?»

«በሩ ሲዘጋ፣ ፓክ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ምንም። እሳቱ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል። እኔም እሳቱን አስገባሁ። ፓክ ማርዎቶ መጡና ‹እዘጋዋለሁ፣ ሂጂ› አሉኝ። ሻይ ሰጠኋቸው። ቡ እንደሚያደርጉት አደረግሁ።»

ቲጎር ወረቀቱን አጠፈ። ሱዋርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን መናገር ከብዶት ነበር።

«ያየችውን ሁሉ አድርጋለች። ያላየችውን ግን ማድረግ አትችልም። ሳንቃውን የምታውቅ አንዲት እጅ ብቻ ናት። የዚያች እጅ ባለቤት ከሬምባንግ ስትመጣ ባሏን አልፋ ወደ ጣራው ነው ያየችው። ገና ማንም ሳይነግራት ምን እንደገደለው ዐውቃለች። ቡ፣ የቀረውን እኔ ልናገር ወይስ እርስዎ?»

ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል። ቡ ሩሚናህ ሲያዩዋት አሮጊት ሆነች።

«ቁልፉን ሰጥቻት መኪናው ገና ከከተማው ሳይወጣ ተጸጸትኩ» አለች በመጨረሻ። «ማሰሮዎቹን ብታይስ? ቀለሙን ብታውቅስ? ለማርዎቶ ደወልኩ። ‹ግባና ጠብቅ፤ በሩን ቀርቅር፤ ማንም እንዳይገባ› አልኩት። ‹ሴትዮ፣ ሰው አምነሽ ጀመርሽ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር› አለኝ። ሳቀብኝ። ሳቁ ነው የቀረልኝ።»

«ሳንቃውንስ ለምን አልነገርሽም?» ጃትሚኮ ጮኸ። አንቺ ብሏት አያውቅም ነበር።

«ረሳሁት እንዳልልህ፣ ረስቼው አላውቅም። እጄ ነው የሚከፍተው፤ እኔ ሌላ ሳስብ እጄ ይስበዋል። ለሰው የሚነገር ነገር መሆኑ ትዝ አላለኝም።»

«ሁለት ቀን!» አለ ቲጎር። «ይህቺ ሴት ሁለት ቀን ታስራ…»

«እንጊህ ብላ አመነች ሲሉኝ፣ ምናልባት እውነት እሷ ትሆናለች ብዬ ልቤን አባበልኩት። አንድ ሥራ ብሰጣት ባሌን ገደለችብኝ ማለት ቀለለኝ።»

ሁሉም ሱዋርጎን አዩት። ሕጉ ይህንን ቸልተኝነት ይለው ይሆናል፤ ዳኛው ምን እንደሚል አያውቅም። ዋጊየምን ከመኪናው አስጥሏል፤ ማርዎቶን ግን ከየትም አያመጣውም። ለቲጎር «የእሷን ወረቀት ቅደደው» አለው፤ «ቡ ከኛ ጋር ጣቢያ ሄደው ቃላቸውን ይሰጣሉ።»

«ይሁን» አለች ቡ ሩሚናህ። ከዚያ ዋጊየም ፊት በጉልበቷ ሄዳ ተቀመጠችና ቁልፉን ዘረጋችላት። «ዋጊየም፣ ጨርቁ እየሻገተ ነው። መቼ እንደምመለስ አላውቅም። ሃያ ሰው የሚበላው ከዚህ ቤት ነው። ያዢው። ገመዱ ከማሰሮው ጀርባ ነው፣ ከሰሉ ደጅ ነዶ ነጭ አመድ ሲለብስ ይገባል፣ ቀዩ መጀመሪያ ሥሩ ይቀቀላል፣ ከዚያ… ገባሽ?»

ዋጊየም ቁልፉን አየችው። አልተቀበለችውም። ከንፈሯ የለመደውን ቃል ሊያወጣ ተንቀሳቀሰ።

«ደሬንግ» አለች።

ቡ ሩሚናህ ደነገጠች።

«ገና ነው፣ ቡ። አልገባኝም። በአፍ አይገባኝም። አብረን እንግባና እጅዎ ሲሠራ ልይ። ከዚያ እኔ ልሥራና እርስዎ ይዩኝ።» ወደ ቀዩ ክፍል በር አየች። «ደግሞ ጃትሚኮም ሌሎቹም ይግቡ። በሩም ይከፈት። እኔ ከዚህ በኋላ ያንን በር ዘግቼ አልሠራም።»

ቲጎር ሰዓቱን አየ፣ ከዚያም ሱዋርጎን፤ ሱዋርጎ በዓይኑ ተቀመጥ አለው። መንገዱን ጎርፍ ይቁረጠው።

ቡ ሩሚናህ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ቀና አለችና፣ የሠራተኛዋን ዓይን እያየች፣ አሠሪ ለሠራተኛ የማይለውን ቃል አለች።

«እንጊህ።»