በቀኝ የመጣው ግራኝ

ከዳንግላ እስከ ጥሊሊ ስንት ቤት አለ? ያ ሁሉ ቤት ተደምሮ የቆሰበሩ የአቶ አሳምነው ቤት ያለቀሰውን ያህል አላለቀሰም! አጋነንክ የሚለኝ ካለ ወርዶ የዘንገናን ሐይቅ ይጠይቅ፤ ከዚያ ዓመት ወዲህ ውኃው በአንድ ክንድ ጨምሯል፣ ዝናብ ብቻ አይደለም ያስጨመረው።

አሳምነው ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ስልክ ጠጋኝ ነው። ጠጋኝ ማለትስ ያንስበታል፤ የሞተ ሬዲዮ ካቻቢቴውን ሲያይ ደንግጦ ዜና ያወራል ይባልለት ነበር። ሚስቱ እንቁ ደግሞ ቤቷ ሆና ስትስቅ ገበያ ድረስ ይሰማና ነጋዴው መልስ ይሳሳታል። እግዜር አንድ ልጅ ሰጣቸው፣ ዓባይነህን። መልኩ ያማረ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ፈረስ ላይ ሲወጣ ፈረሱ ራሱ የሚኮራበት! በአባቱ ሱቅ ጥግ አንዲት ያገለገለች ላፕቶፕ ይዞ ለሰው ስልክ ዘፈን ይጭናል። በዚህ ሁሉ በረከት መሐል ግን አባት አንዲት ጉድለት አየ። ልጁ ግራኝ ነበር።

እናቱ «ግራኙ» ስትለው ቁልምጫዋ ነው። አባቱ ግን ገና በሕፃንነቱ ያቺን ግራ እጅ በመቀነት አስሮበታል። «በግራው የሚበላ ልጅ አሳደገ» የሚል የሰው አፍ ከእሳት ይልቅ ያስፈራው ነበር። ምን አለ ባይፈራ ኖሮ!

አንድ ቀን የሚካኤል ዝክር ነበር። እንግዳው ትሪውን ከቦ ሲበላ ዓባይነህ በጨዋታ ተዘናግቶ ግራ እጁን ሰደደ። አሳምነው ጭልፋውን ከድስቱ መንጭቆ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የልጁን እጅ መታው። ጺም ያወጣ ልጅ! አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ አቀረቀረ። ዓባይነህ የተመታ እጁን እንደ ሕፃን አቅፎ ተነሳ።

«አባየ፣ የጠሉት እጄን ነው ወይስ እኔን?»

አሳምነው ሱቁ ገብቶ ያቺን ላፕቶፕ ከጠረጴዛው ላይ ጠርጎ ጣላት። «በግራ የተሠራ ሥራም አይባረክ!» አለ። በማግስቱ ልጁ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወረደ። እንደ ወረደም ቀረ... ወባ! ጓደኞቹ እዚያው ቀበሩት። በእጁ ሥራ የሚመካው አባት ለአንድ ልጁ ሳጥን እንኳ ሳይሠራለት!

መከራ ብቻዋን መጥታ ታውቃለች? የእንቁ ዓይን ይደክም ጀመር። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም እየሄደ ነው አላት። የልጇ ፎቶ ስልክ ላይ ነበር፤ ዓይኗ ግን ያን ያህል ትንሽ ነገር መለየት ትቷል።

«አሳምነው፣ ይቺ የቀረችኝ ብርሃን ሳታልቅ ልጄን አንዴ አሳየኝ» አለችው። «ትልቅ አድርገህ። ግድግዳ አሳክለህ።»

አሳምነው ያቺን ላፕቶፕ አወጣ። ስትነሳ ድምፅዋ ይሰማል፤ ስክሪኗ ግን ጥቁር ነው። በባትሪ እያበራባት ውስጧን ቢፈትሽ ግን... ልጁ እዚያ አለ! በፈረስ በዓል ቀን የተቀረፀው ቪዲዮ፣ ደብዝዞ፣ ከጨለማው ውስጥ። የጠፋው ከስክሪኑ ጀርባ ያለው መብራት ብቻ ነበር። ማን እንዳጠፋው ግን ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ከዚያ የሠራውን የዓለም ፋብሪካ ሁሉ ተሰልፎ ቢያየው ባርኔጣውን ያወልቅ ነበር! የስክሪኑን የጀርባ ሽፋን ገፎ ብርሃን አሳላፊ አደረገው። ከኋላው የግቢ ፓውዛ መብራት፣ ከፊቱ ባለሱቁ ጎረቤቱ ሙሄ የሰጠውን ትልቅ አጉሊ መነጽር ተከለ። የላፕቶፑን ሆድ ዕቃ አውጥቶ ከታች ሊያስተኛው፣ ስክሪኑንና ፓውዛውንም ከላይ ሊተክል ሳጥን አሻው፤ የዓባይነህን የልብስ ሳጥን አመጣ። ማዘርቦርዱን በቀስታ አጋድሞ ብሎኑን አጠበቀ። ያን ያልሠራውን ሳጥን አሁን መሥራቱ ነበር።

ቀን በቀትር መስኮቱን በጋቢ ጋርደው አበሩት። ግድግዳው ላይ ፈረስ መጣ፣ እግሩ ወደ ላይ!

«አንተ ሰው፣ ፈረሱ ሣር ፍለጋ ጣሪያ ላይ ወጣ እንዴ?» አለ ሙሄ።

እንቁ ሳቀች። ልጇ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። አሳምነው ደስ ብሎት ስክሪኑን እንደ ግድግዳ ካላንደር ገጽ ከታች ወደ ላይ ገለበጠው። እንደ መኪና መሪ ማዞር ሲገባው ገለበጠው! ስሕተቱ ይህች ብቻ ናት። ፈረሱ በእግሩ ቆመ። ዓባይነህ እየሳቀ፣ አለንጋውን ከፍ አድርጎ ጋለበ፤ በቀኝ እጁ። አሳምነው አየ። እግዜር ይቅር ይበለውና፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ደስ አለው...

እንቁ ግን ሳቋ ቆመ።

«ይሄ የማን ልጅ ነው?»

«የኛ ነዋ። ዓባይነህ።»

«የኔ ልጅ ግራኝ ነው።» ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች። «አሳምነው... ሞቶም አልተውከውም?»

ምን ይበል? ስክሪኑ ተገልብጦ ግራው ቀኝ ሆኖ ነው ይበል? ያቺ የጥቅሻ ደስታ አሳፍራው ሳጥኑ ውስጥ ቀኝ እጁን ሰደደ። የጋለው የፓውዛ ብረት ሥጋውን አጨሰው።

«አጥፋው እንጂ! መብራቱን አጥፋው!» ጮኸ ሙሄ።

«ተመልሶ ባይበራስ? ዓይኗ ይጠብቀኛል?»

በዚያ እጅ፣ ጭልፋ በጨበጠው እጅ፣ ስክሪኑን አውጥቶ አቃንቶ መለሰው። አለንጋው ወደ ግራ ተሻገረ። እንቁ በአገውኛ ልጇን ጠርታ ጮኸች፤ ያን ጩኸት እስከ ጥርባ ድረስ ያልሰማ የለም! እጇን ዘርግታ ወደ ግድግዳው ሮጠች። ስትደርስ ግን ጥላዋ ሁሉን ጋረደው።

«የት ሄደ? አሁን እዚህ አልነበረም?»

አሳምነው አያት። በነጭ ነጠላዋ ላይ፣ ትከሻዋ መሐል፣ ልጁ እየሳቀ ይጋልባል።

«ጀርባሽ ላይ ነው፣ እንቁ... አዝለሽዋል።»

እንቁ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ጎንበስ ብላ፣ እሹሩሩ እያለች ትወዛወዝ ጀመር። ሙሄ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ያን አይቶ የማያለቅስ ድንጋይ እንኳ የት ይገኛል?

ዓይኗ ክረምቱ ሳይወጣ ጨለመ። የአሳምነውም ቀኝ እጅ ሲድን ጣቶቹ ተኮማትረው ቀሩ። ዕድል ሆይ! አንድ አባት ማዞርና መገልበጥን እንዲለይ ይህን ሁሉ ማስከፈል ነበረብህ? ልጁን ማስተካከል ሲሻ፣ ራሱን ማዞር ሲገባው ልጁን የገለበጠ ስንት አለ?

ሚካኤል ዞሮ መጣ። እንግዳው ትሪውን ከበበ። አሳምነው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ግራ እጁን ሰደደ። አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። አሳምነው ጠቅልሎ ሚስቱን አጎረሳት።

«በየትኛው እጅህ ነው?»

«በግራዬ።»

እንቁ አላምጣ ዋጠች። ከዚያ አፏን ከፈተች።

«ድገመኝ።»